የኦቦ በዳዳ መስኮት

የኦቦ በዳዳን ሞት የነገረኝ ከሰበታ ወተት የሚያመጣልን ሰው ነው። «ቀበርናቸው እኮ፣ አልሰሙም እንዴ?» አለኝ። ከሐዘኑ በፊት አፌ ላይ የመጣው «መስኮቱስ?» የሚል ጥያቄ ነበር። ሰውየው ግራ ተጋብቶ አየኝ። ሞት ተነግሮት ስለ መስኮት የሚጠይቅ ሰው ጤናው ያጠራጥራል። ስለዚህ ቶሎ ብዬ «ነፍሳቸውን ይማር» አልኩና ነገሩን አስተካከልኩ። ባለቤቴ አስካለ ከውስጥ ሰምታ ኖሮ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ወጣች፤ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ ሳቀች። እኔ በለቅሶ መሃል መሳቅን አልወድም። ግን ኦቦ በዳዳን አስታውሶ አለመሳቅ ምን ያህል እንደሚከብድ ስለማውቅ አልተቆጣኋትም።

ሙት አይወቀስም ይባላል። በሙት ላይ መዋሸትም ነውር ነው። ስለዚህ ሰውየውን እንደነበሩ አድርጌ እጽፋቸዋለሁ። እሳቸውም ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰውን ሁሉ እንደነበረ አድርገው ሲያወሩት ስለኖሩ የሚከፋቸው አይመስለኝም።

ጣሊያን ከወጣ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። እኔ ሰበታ በአንድ ፋብሪካ ዕቃ ግምጃ ቤት ተቀጥሬ ነበር። ፊደል የቆጠርኩት ከመምህር እግር ሥር ተቀምጬ ሳይሆን ስኳርና ሻማ ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ነው። የሥራ ጓደኞቼ «የመኩሪያ እውቀት መሃል መሃሉ የተቀደደ ነው» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር። የተቀደደም ቢሆን በራሴ ጥረት ያገኘሁት ስለሆነ አላፍርበትም። በዚህ እውቀትና በዚህ ደመወዝ ነው እንግዲህ የሱሉልታውን የግራዝማች ተክሌን ልጅ ለማግባት ሽማግሌ የላክሁት።

ግራዝማች አልወደዱኝም። መሬት የለኝም፣ አባቴን የሚያውቅ ሰው የለም፣ ሥራዬ የሰው ዕቃ መጠበቅ ነው። አስካለ ግን እሱን ካልሆነ አላገባም ብላ ልቧን አደነደነችና አባቷ እሺ አሉ። እሺታቸው ግን ገመድ ነበረው። ሽማግሌዎቹ ፊት አቁመውኝ እንዲህ አሉኝ፦

«ስማኝ ልጄ። አስካለ የሰው ደባል ሆና አትኖርም። የራሷ በርና የራሷ ግድግዳ ያላት ቤት አስገባት። መስቀል አልፎ የመንገዱ ጭቃ ሲደርቅ መጥቼ አያለሁ። ከሰው ጓዳ ካገኘኋት ይዣት እመለሳለሁ።»

«እሺ» አልኩ። ሊያገባ የተነሣ ሰው የማይለው እሺ የለም።

በሠርጉ ዕለት ከአስካለ ታላቅ እህት ከዘነበች ጋር አስተዋወቁኝ። አንዱ ዘመድ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «በቀኟ በኩል ሆነህ ተናገር፣ ግራው አይሰማም» አለኝ። አዲስ አበባ ለአንድ ባለጸጋ ተድራ፣ የድንጋይ ቤት ገብታ፣ ጥቂት ኖራ ወደ አባቷ ተመልሳለች። ጆሮዋ በሕመም ነው የጠፋው ተባልኩ። የሰው በሽታ አይጠየቅምና አልጠየቅሁም።

ሰበታ በዚያ ዓመት ለፋብሪካ ሥራ በመጣ ሰው ተጨናንቃ፣ ቤት ፈልጌ ፈልጌ ያገኘሁት ኦቦ በዳዳን ብቻ ነበር። ከተማው ዳር በሬና ላም ያላቸው ገበሬ ናቸው። ከራሳቸው የሣር ቤት ጎን አንድ ክፍል ለጥፈው ሠርተው ተከራይ ይጠብቁ ነበር። ሰውየው አጭር፣ ፊታቸው ክብ፣ ሲናገሩ ሁለት እጃቸውን ሆዳቸው ላይ የሚያስቀምጡ ናቸው። ቤቱን ሲያሳዩኝ ቤተ መንግሥት የሚያስጎበኙ ይመስሉ ነበር።

ቤቱ የሚጎበኝ ነበረው። ጣሪያው ግማሹ ሣር፣ ግማሹ ጣሊያን ጥሎት የሄደ ቆርቆሮ ሲሆን፣ ሣሩና ቆርቆሮው የሚገናኙበት ቦታ ልክ ከምድጃው በላይ ነው። ዝናብ ሲመጣ ስለሚያፈስ እሳቱን ወይም ወጡን፣ አንዱን ለማዳን መምረጥ ነበረብን። መሃል ላይ ጣሪያውን የያዘው ምሰሶ እርጥብ የኮርች ዛፍ እንጨት ስለነበር በሐምሌ አቆጥቁጦ ቅጠል አወጣ። ልቆርጠው ስል «የሚያብብ ቤት አይቆረጥም» ብለው ከለከሉኝ፤ አስካለ ነጠላዋን የምትሰቅለው ቅርንጫፍ ላይ ነበር። የጭቃ መደቡን የሠሩት በራሳቸው ቁመት ለክተው ነው። እኔ ረጅም ስለሆንኩ እግሬ ከመደቡ ተርፎ በአስካለ የልብስ ሣጥን ላይ ያድራል። ግድግዳውን የለጠፉበት ጋዜጣ ደግሞ፣ ማንበብ ስለማይችሉ፣ ግማሹ ቀጥ ያለ፣ ግማሹ የተዘቀዘቀ፣ ግማሹ በጎኑ የተኛ ነበር። አስካለን ፊደል ያስቆጠርኳት ከዚያ ግድግዳ ነው። እስከ ዛሬ ደብዳቤ ስታነብ አንገቷን ታዘነብላለች።

ያን ቀን ያየሁትን ያህል ችዬ ልከራይ ስል ከመደቡ በላይ አንድ የእንጨት መስኮት አየሁ።

«ይህ ወዴት ነው የሚያሳየው?» አልኩ።

«ወደ እኔ» አሉ።

«ወደ እርስዎ?»

«ወደ ጓዳዬ። ድሮ ወደ ሜዳው ነበር። ያንተን ቤት ስለጥፍበት ሜዳው ጠፋ።»

«ይደፈናላ።»

«አይደፈንም» አሉ፣ ዓይናቸውን ልድፈን ያልኳቸው ያህል ደንግጠው። «አባቴ ያወጣው መስኮት ነው። ደግሞስ እሳት ቢጠፋባችሁ ፍሙን በየት በኩል ላቀብላችሁ?»

የምሄድበት ስላልነበረኝ ገባሁ። ለግራዝማች ያልኩትን እሺ አልረሳሁም። እስከ መስቀል የተሻለ ቤት አይጠፋም ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ሰው ራሱን ሲያጽናና ጠላቱን ከሚዋሸው ይልቅ ራሱን ይዋሻል።

በገባንበት ቀን አስካለ መደቡን ስትጠርግ አቧራው አስነጠሳት። ይማርሽ ልላት አፌን ስከፍት ከግድግዳው «ይማርሽ!» የሚል ድምፅ መጣ። አስካለ መጥረጊያውን ጣለችው።

«ያኑርዎ በይ እንጂ ልጄ» አለ ግድግዳው። «ሱሉልታ እንዲህ አይባልም እንዴ?»

«ያኑርዎ» አለች አስካለ ለግድግዳው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ በዚያ ቤት ማንም «ይማርህ» ሳይባል አስነጥሶ አያውቅም። ኦቦ በዳዳ ከብት ቢጠብቁም፣ ምሳ ቢበሉም፣ ከአዴ ጫልቱ፣ ከሚስታቸው ማለቴ ነው፣ ጋር ቢጣሉም፣ እኛ ስናስነጥስ መልሱ በሰዓቱ ይደርሳል። ጠዋት ደግሞ መስኮቱ ከፈት ይልና ክቡ ፊት ብቅ ይላል። «ያ መኩሪያ፣ አካም ቡልቴ? ነጋ ቡልቴ?» ይሉኛል በኦሮምኛ። እንዴት እንዳደርኩ ከእኔ የበለጠ እያወቁ እንዴት አደርክ ይሉኛል። አዴ ጫልቱ ከወዲያ «ዲሳ! ይተዋቸው እንጂ፣ ምን ዓይነት ሰው ኖት?» ሲሉ ይሰማል። አዴ ጫልቱ መስኮቱን «ያ ቀዳዳ» ነበር የሚሉት፤ አጠገቡም ደርሰው አያውቁም። ከባልና ሚስቱ አንዱ እንኳ ማፈር መቻሉ መልካም ነበር።

አስካለ በሦስተኛው ሳምንት መጋረጃ ሰፍታ ሰቀለችበት። ኦቦ በዳዳ ጨርቁን ከወዲያ በጣታቸው እየዳሰሱ «ጥሩ ስፌት ነው፣ እጅሽ ይባረክ» አሉና በጨርቁ ውስጥ ማውራታቸውን ቀጠሉ።

አንድ ቀን ሽሮው ጨው በዝቶበት ለአስካለ ጥቂት ተናገርኩ። ጥቂት ስል፣ ስለ ልክና ስለ ልከኝነት፣ ሰው በጨው ያልተጠነቀቀ በምን ይጠነቀቃል እያልኩ፣ ሽሮው እስኪበርድ ድረስ ነው። መጋረጃው ተገለጠ።

«ያ መኩሪያ» አሉ። «ጨው ከበዛ እንጀራውን አብዛው። ንግግር ከበዛ ግን ምን ይጨመርበታል?»

«ኦቦ በዳዳ፣ ይህ የባልና የሚስት ጉዳይ ነው።»

«እሱማ ነው። ባልና ሚስት ሲጣሉ ጃርሳ ይጠራል። ሰው ሽማግሌ ፍለጋ ወንዝ ይሻገራል፤ አንተ እዚሁ ተቀምጦልህ ታማርራለህ።»

በማግስቱ አስካለ ገበያ ስትወጣ አንዲት ጎመን ሻጭ «ጨው ቀንሺለት እንጂ እህቴ» አለቻት። ሰበታ ሬዲዮ ሳይገባላት በፊት ኦቦ በዳዳ ነበሩላት። ልዩነቱ ሬዲዮ የሚዘጋ መሆኑ ነው።

አንድ ነገር ግን ልመስክርላቸው። የሰሙትን ሁሉ ያወራሉ፤ ያልሰሙትን አንድ ቃል አይጨምሩም። አንድ የፋብሪካ ሰው ጠላ ጋብዟቸው «መኩሪያ በቤቱ አለቃውን ያማል አይደል?» ቢላቸው «ጨው ሲያማ ነው የሰማሁት» ብለውት ጠላውን ጨርሰው ወጥተዋል። ወሬኛ ብዙ አይቻለሁ። ታማኝ ወሬኛ ያየሁት እሳቸውን ብቻ ነው።

ክረምቱ እያለቀ ሄደ፤ ቤት ግን አልተገኘም። አስካለ መሳቋን ተወች። አንድ ቀን ጎመን እየቀነጠሰች፣ ድምፅዋን በጣም ዝቅ አድርጋ «አባባ ከፈረደ አይመለስም» አለችኝ። «ይዞኝ ከሄደ ሌላ ጊዜ ብሎ አይሰጥህም። እኔ መሄድ አልፈልግም።»

«አትሄጂም» አልኳት።

«አትሄጂም ልጄ» አለ መስኮቱ።

እንግዲህ ከእሳቸው ጋር መነጋገር ግድ ሆነ። መስቀል ሲቀርብ ወደ በረታቸው ሄጄ፣ ፊት ለፊት፣ እንደ ሰው፣ ነገሩን አስረዳኋቸው። ግራዝማች ይህን ቤት በደባልነት ከቆጠሩት ሚስቴን እንደሚወስዱ ነገርኳቸው። መስኮቱን በጭቃ ልምረገውና ከሄዱ በኋላ እከፍተዋለሁ አልኩ። ያንን አልፈቀዱም። እንግዲያው ዝግ ይሁን፣ እርስዎም ዝም ይበሉ አልኩ።

«ምን ያህል ጊዜ?»

«ግራዝማች ገብተው እስኪወጡ።»

«መስኮቱ ይዘጋ ይሆናል» አሉ አስበው። «አፍ ነው የሚያስቸግረው።»

«ወይም ወደ እርሻ ይውጡ።»

«እንግዳ ሲመጣ ቤቱን ጥሎ የሚሄድ ምን ዓይነት ጎረቤት ነው?» ብለው ተቆጡ። ሆኖም በማርያም ማሉልኝ፤ መስኮቱን አልከፍትም፣ በነገራችሁም አልገባም አሉ።

ግራዝማች መስቀል ባለፈ በሳምንቱ መጡ። እሳቸው በአንድ በቅሎ፣ ዘነበች በሌላ በቅሎ። ከኋላቸው ደግሞ ሦስተኛ በቅሎ ኮርቻዋ ተጭኖ፣ ማንም ሳይቀመጥባት፣ በገመድ ተስባ መጣች። አጥሩ ላይ አሰሯት። አስካለ የአባቷን ጉልበት የሳመችው ባዶውን ኮርቻ እያየች ነው።

ኦቦ በዳዳ አልወጡም። መስኮቱ ዝግ፣ መጋረጃው ወርዷል፣ የልብስ ሣጥኑንም ቆሞ እንዲሸፍነው አድርጌዋለሁ። ግራዝማች ቤቱን ዞረው አዩ። ቅጠል ያወጣውን ምሰሶ በዱላቸው ነካ ነካ አድርገው «ይሄ ደግሞ ምንድነው?» አሉ።

«ምሰሶ ነው፣ በቅሏል» አልኩ።

«ቢያንስ አንድ የበቀለ ነገር አለህ» አሉ። በአማቶች ዘንድ ይህ እንደ ምርቃት ይቆጠራል። በሩን ከፍተው ዘጉት። «በርም አለው» አሉና ተቀመጡ። ዘነበች ቀኝ ጆሮዋን ወደ አባቷ አድርጋ ተቀመጠች። አስካለ ማዕዱን አቀረበች። ግራዝማች ሁለት ጊዜ ጎርሰው ፊታቸው ፈታ ማለት ጀምሮ ነበር። አንድ ጠብታ ወጥ እሳቱ ላይ ፈሰሰ፤ የበርበሬው ጢስ ወደ እሳቸው ዞረ፤ አስነጠሳቸው።

«ይማርዎ» አልን እኔና አስካለ።

«ይማርዎ!» አለ ግድግዳው፣ ከሁለታችን ጮክ ብሎ።

«ያኑራችሁ» አሉ ግራዝማች እንደ ልማዳቸው። ከዚያ ጉርሻው እጃቸው ላይ ቀረ።

«ማነው ሦስተኛው?» አሉ።

«ማን ምን አለ?» አለች ዘነበች።

ለመዋሸት አስቤ ነበር። ግን የምሸሽበት ውሸት አልመጣልኝም። «ኦቦ በዳዳ ናቸው፤ አከራያችን። ከሣጥኑ ኋላ መስኮት አለ» አልኩ። ግራዝማች ተነሥተው ሣጥኑን በእግራቸው ገፉት፤ መጋረጃውንም ገለጡ። የተዘጋውን መስኮት በዱላቸው መቱት።

«አንቱ ማን ኖት?»

«በዳዳ ነኝ ጌታዬ» አለ ድምፁ። «እንዳልከፍት ምዬ ነው እንጂ ወጥቼ በክብር እቀበልዎ ነበር።»

«ዝም ሊሉ ከማሉ ለምን ተናገሩ?»

«በነገር አልገባም ብዬ ነው የማልኩት። በማስነጠስ አልማልኩም። ሰው አስነጥሶት እንዴት ዝም ይባላል?»

ከወዲያ አዴ ጫልቱ «ወይ ጉድ፣ ገደሏቸው» ሲሉ ተሰማ።

ግራዝማች ወደ ልጃቸው ዞሩ። ድምፃቸው አልተነሣም። «አስካለ፣ ነጠላሽን ልበሺ። ከሰው ጓዳ ነው ያገኘሁሽ።»

አስካለ ከምሰሶው አጠገብ ቆማ ቀረች። ነጠላዋ ቅርንጫፉ ላይ ነበር፤ አልነካችውም። እኔ «ጌታዬ፣ ቃሌን መጠበቅ አልቻልኩም፤ ሌላ ቤት አጥቼ ነው። ሚስቴን ግን አይውሰዱብኝ» አልኩ። ያን ጊዜ ስለ ልከኝነት የማውቀው ሁሉ ጠፍቶብኝ ነበር።

ከተቀመጠችበት የተነሣችው ዘነበች ናት። ወደ መስኮቱ ሄዳ ቀኝ ጆሮዋን እንጨቱ ላይ አስጠጋች።

«እዚህ የሚነገረው እዚያ ይሰማል?» ብላ ጠየቀች።

«ሁሉም ይሰማል እህቴ።»

«ይኸው!» አሉ ግራዝማች።

ዘነበች አባቷን አላየቻቸውም። «ይመታታል?» አለች።

ኦቦ በዳዳ ለመልስ ሲዘገዩ የሰማሁት በዕድሜዬ ያን ጊዜ ብቻ ነው። «ይህ ነገር ነው፤ በነገር አልገባም ብዬ ምያለሁ» አሉ።

«መሐላዎን እኔ ፈታሁልዎ» አለች።

መስኮቱ ተከፈተ። ክቡ ፊት ብቅ አለ። ሁለት እጃቸውን ከመስኮቱ ጠርዝ ላይ አስቀመጡ።

«አይመታትም» አሉ። «እጁን ሲያነሣ አልሰማሁም፤ ያልሰማሁትን አላወራም። ነገር ግን ይነዘንዛታል። ስለ ጨው፣ ስለ መጥረጊያ፣ ስለ ሁሉ ነገር። እኔ እንኳ ስንት ነገር ተምሬያለሁ።»

«አልቅሳ ታውቃለች?» አሉ ግራዝማች።

«አንድ ቀን። ፊደል ሲያስጠናት ዘገየሽ ብሎ ተቆጣት። ሽንኩርት ነው አለችው። ሽንኩርት አልነበረም፤ ያን ቀን ጎመን ነው የበሉት። እኔ ተቆጣሁት፤ እሱም ተዋት። በማግስቱ ስኳር ገዝቶ መጣ፤ ይቅርታ ግን አላላትም፣ የስኳሩን መጠቅለያ አንብቢ አላት።»

ዘነበች ፈገግ አለች። እኔ ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ እመርጥ ነበር። ኦቦ በዳዳ ግን ገና መጀመራቸው ነው።

«ሰው ፊት እንዲህ ኮስተር ይበል እንጂ፣ እሷ ሲደክማት እግሯን ያጥብላታል፤ ውሃውን ሲደፋ ሰምቻለሁ። ያንጎራጉርላታልም። ድምፁ ጥሩ አይደለም፤ ላሞቼ ይደነግጣሉ። እሷ ግን ድገመው ትለዋለች። ደግሞም ጠዋት እሱ ሥራ ከሄደ በኋላ ያስመልሳታል፤ ጎመን አልስማማት ብሎ አይደለም፣ ጫልቱም አራቱንም ልጆቼን ስታረግዝ እንዲሁ ነበረች።»

«ዲሳ!» አሉ አዴ ጫልቱ ከወዲያ። «ለባሏም ገና አልነገረችውም እኮ!»

አባት መሆኔን የሰማሁት እንዲህ ነው፤ በመስኮት፣ ከአማቴ ጋር እኩል። አስካለን አየኋት። ፊቷን በነጠላው ጫፍ ሸፍናለች።

ግራዝማች ቀስ ብለው መደቡ ላይ ተቀመጡ። ዘነበችን አዩ። ከዚያ ለእኔም፣ ለኦቦ በዳዳም፣ ለማንም ይሁን ለማን እንዲህ አሉ፦

«ይቺ ልጄ የገባችበት ቤት ግድግዳው ክንድ ሙሉ ድንጋይ ነበር። አይቼ ደስ ብሎኝ ተመለስኩ። ሰው አይገባባት፣ ሰው አያያት ብዬ። ባሏ ጆሮዋን መትቶ ያደነቆራት ቀን ጩኻለች። ጎረቤቶቿን ለምን አልደረሳችሁላትም ብዬ ብጠይቃቸው ምንም አልሰማንም አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ግድግዳውን እኔው ነኝ ያመሰገንኩት።»

ዘነበች ቃሉን ሰምታ ይሁን ሳትሰማ እንጃ፣ አሁንም ቀኝ ጆሮዋ ወደ መስኮቱ ነበር። «አባባ፣ እዚህ ትቀመጥ» አለች።

ግራዝማች ዱላቸውን ወደ መስኮቱ ቀሰሩ። «ይህ ይዘጋል?»

«ይዘጋል ጌታዬ» አልኩ ተጣድፌ። «ዛሬውኑ በጭቃ እመርገዋለሁ።»

«እንዳይዘጋ» አሉ። «የተዘጋ ቀን በቅሎዬን ጭኜ እመጣለሁ። ለመውለጃዋ ሱሉልታ ትመጣለች፤ ስትጠነክር ትመለሳለች። አንቱ ሰው፣ አደራ።»

«አደራውን ተቀብያለሁ» አሉ ኦቦ በዳዳ። «ጌታዬ፣ ወጡ በረደ፤ ይብሉ እንጂ።»

ሦስተኛዋ በቅሎ ኮርቻዋን እንደተሸከመች ባዶዋን ተመለሰች። እኔ ግን ያን ቀን ሚስቴን አትርፌ ግድግዳዬን ከሰርኩ። ቀድሞ በገዛ ፈቃዳቸው ያዳምጡ የነበሩት ሰውዬ አሁን በሹመት ማዳመጥ ጀመሩ። መጋረጃውን «ለአደራው አይመችም» ብለው በራሳቸው እጅ አወረዱት። ስለ ጨው አንድ ቃል ስናገር «ግራዝማች ይህን ቢሰሙ ምን ይላሉ?» ይሉኛል። ሳንጎራጉር «ከፍ አድርገው፣ ጫልቱም ትስማ» ይሉኛል። ሁለተኛው ልጃችን እስኪወለድ በዚያ ቤት ኖርን። ስንጣላ ቶሎ እንታረቅ ነበር፤ ከመታረቅ ሌላ እሳቸውን ዝም የሚያሰኝ መንገድ አልነበረም። ትዳሬ የጸናው በፍቅር ነው የሚል ካለ አልከራከረውም፤ ግን ኦቦ በዳዳ የገቡበት ጠብ ሊቆይ አይችልም ነበር።

ቡራዩ የራሴን ቤት ስሠራ ለምርቃቱ ጠራኋቸው። ወፍራም ግድግዳ፣ ቀጥ ያለ ምሰሶ፣ በቁመቴ ልክ አልጋ። ዞረው ዞረው አዩ፤ ግድግዳውን በጣታቸው አንኳኩ። «ደንቆሮ ቤት ነው» አሉ። ቅር ብሎኝ «ነጻነት ያለው ቤት ይባላል» አልኳቸው። ጠላቸውን ጠጥተው፣ አስካለን ጉንጯን ስመው፣ ሲወጡ ለጎረቤቴ አንድ ነገር በጆሮው ነግረውት ሄዱ። ምን እንዳሉት ዛሬም አላውቅም። ያ ጎረቤት ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ያለ ምክንያት ጠዋት ጠዋት ሰላም ሊለን ይመጣል።

በመስኮት የተበሠረችው ልጃችን ሰናይት አሁን ልትዳር ነው። የሞቱን ወሬ በሰማን ሳምንት እጮኛዋ የተከራየውን ቤት እንድናይ ወሰደን። የተማረ፣ ጨዋ ልጅ ነው፤ አንድ ክፉ ቃል ከአፉ ሲወጣ አልሰማሁም። ቤቱ የድንጋይ ቪላ ነው፣ ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ የእነሱ። ግድግዳውን በጡጫው መታ መታ አደረገና «አባባ፣ እዚያ ማዶ መድፍ ቢተኮስ እዚህ አይሰማም» አለኝ በኩራት። ሰው የኑሮውን ደረጃ በግድግዳ ውፍረት የሚለካበት ዘመን መጥቷል።

«ማዶ ማን ነው ያለው?» አልኩት።

«አላወቅኋቸውም። ምን ያደርጉልናል?»

«አባዬ ደግሞ ጀመረ» አለች ሰናይት። አስካለ ግን ዓይኗን ከግድግዳው ላይ አልነቀለችም።

ባርኔጣዬን አድርጌ ወጣሁ። ዞሬ የማዶውን በር አንኳኳሁ። አንዲት ጠና ያሉ ሴት በሩን በጥቂቱ ከፍተው በጥርጣሬ አዩኝ። ስሜን ነገርኳቸው። ልጄ ከግድግዳቸው ወዲህ ልትገባ እንደሆነ፣ ባሏ መልካም ልጅ እንደሚመስለኝ፣ እኔ ግን በመስሎኝ የማልኖር ሰው እንደሆንኩ ነገርኳቸው።

«ታዲያ እኔ ምን ላድርግልዎ?» አሉ።

«ሲያስነጥሳት ይማርሽ ይበሏት።»

ሴትዮዋ ግድግዳውን፣ ከዚያ እኔን አዩ። «ድንጋይ ነው እኮ ጌታዬ። እንዴት ይሰማኛል?»

«ጮክ ብላ እንድታስነጥስ አስተምራታለሁ» አልኳቸው።